አላየኋቸውም ያለው ሹፌር

የሰባት ቁጥር አውቶቡስ ተሳፋሪዎች ሹፌራቸውን «ቀስ በሉ» ብለው ነው የሚጠሩት። በር በከፈተ ቁጥር አንገቱን ወደ ኋላ መለስ አድርጎ «ቀስ በሉ፣ ግዴለም፣ ጥያችሁ አልሄድም» ማለት ልማዱ ስለሆነ ቅጽል ስሙ ተለጥፎበት ቀረ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ መስመር ላይ ነድቷል። ነፍሰ ጡር ሲያይ፣ ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ ሲያይ፣ ልጅ የታቀፈች እናት ስትገባ፣ ተቀምጠው እስኪደላደሉ ድረስ ማርሽ አያስገባም። ከኋላው ያለ መኪና ክላክሱን ቢያስጮኸው «ይጩህ፣ የሚያልቀው የራሱ ባትሪ ነው» ይላል እንጂ ንቅንቅ አይልም። አዲስ ሹፌር በተቀጠረ ቁጥር ከጎኑ ተቀምጦ እንዲማር የሚላከው ወደ እሱ ነበር። አለቆቹ ሲያመሰግኑት አንገቱን ይደፋል፤ በልቡ ግን ደስ ይለዋል። ሌላው ሰው በሀብቱ ወይም በትምህርቱ እንደሚኮራ ሁሉ እሱ የሚኮራው በጥንቃቄው ነበር። ከዚያ ሌላ ብዙም የሚኮራበት ነገር አልነበረውም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ፣ መንገዱ ጭቃና መኪና ብቻ ሆኖ ነበር። የውሃ ቧንቧ የሚቀብሩ ሠራተኞች ግማሹን አስፋልት ቆፍረውታል። ሹፌሩ አሥራ አራት ደቂቃ ዘግይቷል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ግድም አይሰጠው፤ ግን በዚያው ሳምንት የሥምሪት ኃላፊው የሚያረፍዱ ሹፌሮችን ዝርዝር በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ጀምሮ ነበር፤ የእሱም ስም ከላይ ሁለተኛ ሆኖ ወጥቷል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንዲህ ተለጥፎ አያውቅም። ነገሩ ሲከነክነው ነው የሰነበተው።

መናፈሻው በር ካለው ፌርማታ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የሚጠጋ ሴትዮ ተሳፈሩ። በአንድ እጃቸው የራሰ ጃንጥላ ይዘዋል፤ በሌላው ከጥገና ቤት ያወጡትን ሬዲዮ አቅፈዋል። ሹፌሩ ከግንባሩ በላይ ባለው መስታወት ወደ ኋላ ተመለከተ። ሴትዮዋ መተላለፊያው ላይ ቆመው የቱን ጥለው ብረቱን እንደሚይዙ ግራ ገብቷቸው አያቸው። እሳቸውም ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ለአንድ አፍታ ነው። «ይይዛሉ» አለ በልቡ፤ ፍሬኑንም ለቀቀ።

ሃያ ሜትር አልሄደም። አንድ ታክሲ ከጎን ዘው ብሎ ከፊቱ ገባ። ፍሬን ረገጠ። መጀመሪያ የሰማው የሬዲዮውን መከስከስ ነው። ቀጥሎ ሌላ ድምፅ ሰማ፤ ያንን ድምፅ ከዚያ በኋላ ለማንም ሊያስረዳ ሞክሮ አያውቅም።

የዳሌያቸው አጥንት ነበር የተሰበረው። አምቡላንስ መጥቶ እስኪወስዳቸው ድረስ እጃቸውን ይዞ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ቆየ። ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ ሲጠይቅ፣ ሹፌሩ አፉን ሳይከፍት ትኬት ቆራጩ ቀደመው። ይህን ትኬት ቆራጭ በድምፁ የተነሳ «ማጉያው» ነው የሚሉት፤ ሹክ ሲል እንኳ ጫፍ ያለ ሰው ይሰማዋል። «አላያቸውም እኮ፤ ሰው ጋርዷቸው ነበር። ጥፋቱ የባለታክሲው ነው» አለ። የሥራ ባልደረባውን ማዳኑ ነበር። ሹፌሩም ዝም አለ።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ የአደጋ ቅጽ ሰጡት። በቅጹ ላይ ስድስተኛው ጥያቄ ተሽከርካሪው ሲነሳ ተሳፋሪዋ መቆማቸውን አይቶ እንደሆነ ይጠይቃል። እስክሪብቶውን ይዞ ብዙ ቆየ። የሥምሪት ኃላፊው ከጠረጴዛው ማዶ ሰዓቱን ያያል። ሹፌሩ «አላየኋቸውም» ብሎ ጻፈ። ኃላፊው አነበበ፣ እፎይ አለ፣ ማኅተሙን መታበት። ሦስት ቀን እንዲያርፍ ነገሩትና «አይዞህ፣ ከጥፋት የራቀ ሹፌር የለም፤ አንተ ግን በዚህ የለህበትም» ብለው ሸኙት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከራሱ ጋር ተኳረፈ።

መጀመሪያ ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት ጀመረ። ሚስቱ ረስታው መስሏት ስኳሩን ብታቀርብለት በእጁ ገፋ አደረገው። ቀጥሎ ከአልጋው ወረደ፤ ለወገቤ ስለሚመቸኝ ነው ብሎ ሳሎን ወለሉ ላይ ፍራሽ ዘርግቶ ይተኛ ጀመር። ለወገቡ እንደማይመቸው ሚስቱም ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል፤ ጠዋት ሲነሳ ግድግዳ ተደግፎ ነው። ሥራ የሚሄደው በእግሩ ሆነ፤ ሃምሳ ደቂቃ ይፈጅበታል። ጎረቤት ቤት ኳስ ማየት ተወ። ሲላጭ በቀዝቃዛ ውሃ ነው። ሚስቱ ቋጥራ የምትሰጠውን ምሳ ሳይፈታ ይመልስላታል። አንድ ቀን በቴሌቪዥን የሆነ ቀልድ ሰምቶ ሳያስበው ሳቀ፤ ወዲያው ደንግጦ ለቅሶ ቤት እንደሳቀ ሰው አፉን በእጁ ያዘ።

ሚስቱ በአንድ የልብስ ንጽሕና ቤት ተኳሽ ናት። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ የኖረች ናት፤ ነገር አታበዛም። እሷም ሳምንት ያህል አይታ አይታ «ሴትዮዋ ወደቁ፣ እሺ። ሻዩ ምን አጠፋ?» ብላ ጠየቀችው።

በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ ሆስፒታል ይሄዳል። የአጥንት ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ስምንት አልጋ አለው፤ የሴትዮዋ አልጋ መስኮቱ ሥር ነው። ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ብረት ገብቶላቸዋል። ባል የላቸውም፤ ልጅ የላቸውም፤ የእህታቸው ልጅ ጠዋት ጠዋት ትመጣለች። ከሰዓቱ የሹፌሩ ሆነ። ሁልጊዜ ብርቱካን ይዞ ይመጣል። አልጋው አጠገብ ያለችው ቁምሳጥን በብርቱካን ተሞልታ አልዘጋ ስላለች፣ ሴትዮዋ ለክፍሉ በሽተኛ ሁሉ ያድላሉ። ነርሶቹ ልጃቸው መስሏቸው «እማማ፣ ልጅዎ መጣ» ይሏቸዋል።

እሱ መጥቶ ወንበሩ ላይ አይቀመጥም፤ ይቆማል። ተቀመጥ ሲሉት ግዴለም ይላል። ከዚያ ዓይኑ እግራቸው ላይ ይተከላል፤ ቀስ ብሎ እንባው ይመጣል። ሴትዮዋም እጁን መታ መታ እያደረጉ ያጋጥማል፣ የኔ ወንድም፣ ያጋጥማል እያሉ ያባብሉታል። ሲወጣ ትንሽ ቀለል ይለዋል። ደረጃውን ወርዶ ግቢው በር ሲደርስ ደግሞ ቀለል ስላለው ራሱን ይጠላል።

እንዲህ ሲል ሦስት ሳምንት አለፈ።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ፣ አንድ ዓርብ፣ እንደ ልማዱ ብርቱካኑን ይዞ ሲገባ ሴትዮዋ ትራሳቸውን ከፍ አድርገው፣ መነጽራቸውን ሰክተው ጠበቁት። ፊታቸው ላይ የተለመደው ፈገግታ የለም።

«ብርቱካኑን አታስቀምጥ» አሉት። «ለዚያች ልጅ ስጣት። ስጣትና ተቀመጥ።»

በሚቀጥለው አልጋ ክንዷ ለታሰረው ልጅ ሰጥቶ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ተቀመጠ።

«እኔ ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ምን እሠራ እንደነበር ታውቃለህ? ሠላሳ አንድ ዓመት ስልክ ቤት መስመር ሳገናኝ ነው የኖርኩት። ሰው ሲዋሽ ትንፋሹ ሲለወጥ አውቃለሁ፤ መስመር ላይ ስሰማው ነው ያረጀሁት።» መነጽራቸውን አወለቁ። «በመስታወቱ አይተኸኛል። እኔም ስታየኝ አይቼሃለሁ።»

የሹፌሩ ጆሮ ጭው አለ። የክፍሉ ጫጫታ ሁሉ ራቀው።

«የእህቴ ልጅ ከመሥሪያ ቤታችሁ የመጣውን ወረቀት አነበበችልኝ። አላየኋቸውም ብለሃል። እሺ ብዬ ዝም አልኩ፤ ነገ ይነግረኛል ብዬ። በነጋው መጣህ፣ ብርቱካን ሰጠኸኝ፣ አለቀስክ። በማግስቱም እንዲሁ። አንተ ስታለቅስ እኔ አባብላለሁ፤ አንተ ቀሎህ ትወጣለህ፣ እኔን እግሬን ያመኛል። ልጄ፣ እኔ አጥንቴን ላስገጥም ወይስ አንተን ላባብል? ሁለቱን አልቻልኩም።»

ለማስተባበል አፉን ከፈተ። ሰው ጋርዶዎት ነበር የምትለዋ ቃል ምላሱ ላይ ተዘጋጅታ ቆማለች፤ ማጉያው ነው የሰጠው። ዋጣት።

«አይቼዎታለሁ» አለ። ድምፁ የራሱ አልመስል አለው። «ይይዛሉ ብዬ ነው። ረፍዶብኝ ነበር። ስሜ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነበር... ለእሱ ብዬ ነው።»

ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከመስኮቱ ማዶ አንዲት ሠራተኛ አንሶላ ታሰጣለች፤ እሷን ያያሉ። ከዚያ ወደ እሱ ዞሩ።

«በል እንግዲህ፣ አሁን የምናደድበት ሰው አገኘሁ። እስከ ዛሬ ላንተ ሳዝን ንዴቴን የማስቀምጥበት አጥቼ ነበር» አሉት። «ይቅር ብዬሃለሁ አላልኩም። እሱን ጊዜ ወስጄ አየዋለሁ፤ የእኔ ጉዳይ ነው። አንተ ግን በየቀኑ እዚህ እየመጣህ አትክሳብኝ። ምሳ አትበላም አይደል? ፊትህ ያስታውቃል። አንተ ስለከሳህ የእኔ አጥንት አይገጥምም።»

ሹፌሩ ከሆስፒታሉ ወጥቶ ወደ ቤቱ አልሄደም። እግሩ ወደ ልብስ ንጽሕና ቤቱ ወሰደው። ሚስቱ ከኋላ ባለው ክፍል፣ በእንፋሎት መካከል፣ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ የሆቴል አንሶላ ትተኩሳለች። ሌሎቹ ተኳሾች ወጥተዋል። በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ነገራት፤ መስታወቱን፣ ስድስተኛውን ጥያቄ፣ ሴትዮዋ ያሉትን። እሷ ካውያውን አላቆመችም። ሲጨርስ ካውያውን ቀጥ አድርጋ አቆመችው።

መጀመሪያ የተናገረችው ስለ ሴትዮዋ አልነበረም። ለእሷም እንደዋሻት፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ አላየኋቸውም እያለ ዓይኗን እያየ እንደነገራት፣ ይህንን ቶሎ እንደማትረሳው ነገረችው። እሱም አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«እኔኮ ሻይህን ያመረርከው ሴትዮዋን ስለጣልክ መስሎኝ ነው የከረምኩት። ለካ ነገሩ ይሄ ነው።» በእጅዋ ጀርባ ግንባርዋን ጠረገች። «ስኳር መተውማ ቀላል ነው። ወለል ላይ መተኛትም ቀላል ነው፤ ማንም አያይህም፣ ማንም አይጠይቅህም። ቢሮ ገብቶ ዋሽቻለሁ ማለት ነው ከባዱ። አንተ ቀላል ቀላሉን ቅጣት እየመረጥክ ነው ራስህን የቀጣኸው።»

እንዲህ ብሎ አስቦት አያውቅም። ራሱን ሲያሰቃይ ዕዳውን የሚከፍል ይመስለው ነበር እንጂ የሚሸሽ አይመስለውም ነበር።

«ፈርተህ ነው አይደል?» አለችው።

«ፈርቼ ነው።»

«በል ና ተቀመጥ።» አንድ የልብስ ቅርጫት ገልብጣ በእግሯ ወደ እሱ ገፋችው። ከቦርሳዋ ዳቦዋን አውጥታ ለሁለት ቆረሰችና ግማሹን ሰጠችው። «ብላ። ነገ የምትሄድበት ቦታ በባዶ ሆድ አይኬድም።»

በላ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ጠግቦ አልበላም ነበር። እያላመጠ እንባው መጣ፤ እሷም አላባበለችውም፣ አንሶላዋን መተኮስ ቀጠለች። ሳታባብለው መተዋን እንደ ደግነት ቆጠረላት።

በማግስቱ የሥምሪት ኃላፊው ነገሩን ሲሰማ ደስ አላለውም። ፋይሉ ተዘግቷል፣ ኢንሹራንሱ ተጠናቋል፣ የተኛን ነገር ለምን ትቀሰቅሳለህ አለው። ሹፌሩ ግን ሌላ ቅጽ ይሰጠኝ ብሎ ቆመ። ሰጡት። ስድስተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ «አይቻቸዋለሁ» ብሎ ጻፈ።

ውሳኔው ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ። ለሁለት ወር ከመሪ ታግዶ በጋራዡ እጥበት ክፍል እንዲሠራ፣ አዲስ ሹፌር ማሠልጠኑም እንዲቀርበት፣ ጊዜው ሲያልቅም እንደ ጀማሪ እንዲፈተን ነው። ትኬት ቆራጩም ሐሰት በመመስከሩ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። ሹፌሩ ይቅርታ ሊጠይቀው ሲሄድ ማጉያው ለአንድ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ ላድንህ ገባሁ፣ አንተ አጋለጥከኝ» ብሎት ጀርባውን ሰጠው። እውነቱን መናገሩ አቀለለው እንጂ ንጹሕ አላደረገውም። አንዱን ጥፋት ሲያነሳ ሌላው ከሥሩ ብቅ ይላል። ማጉያው ያን ቀን ለእሱ ሲል መዋሸቱን እያሰበ ብዙ ቀን ከነከነው።

የእጥበት ክፍሉ ክፍት መጠለያ ነው፤ እጅ የሚያደነዝዝ ውሃና የሳሙና አረፋ ብቻ። አውቶቡሶቹ እየተሰለፉ ይገባሉ፤ እሱ ቦት ጫማ አድርጎ፣ ረጅም ብሩሽ ይዞ ያጥባል። ድሮ አብረውት የሚስቁ ሹፌሮች መኪናቸውን ሲያስረክቡት ዓይናቸውን ይሰብራሉ። እሱ ራሱን ይሰድብ ነበር፤ ባልዲ ሲገለበጥበት «አንተ ደደብ»፣ ጎማ ላይ ጭቃ ሲቀርበት «አንተ የማትረባ፣ መስኮት እንኳ ማጠብ አትችልም»። ስድቡ ከአፉ ሳይሆን ከሆዱ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ማንም አይሰማውም፣ ማንምም በቃህ አይለውም።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ከሁለት ዓመት በፊት ያሠለጠናት ሴት ሹፌር አውቶቡሷን አስገባች። ግራ በኩል ያለው የጎን መስታወት ተሰባብሮ በሽቦ ተንጠልጥሏል። ከመብራት ምሰሶ ጋር ነው የተላተመችው፤ ሰው አልተጎዳም። ወርዳ ከአውቶቡሱ ጎማ ሥር ተቀምጣ፣ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ትንቀጠቀጣለች። «ጋሼ፣ እኔ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም። ነገ ልለቅ ነው» አለችው።

ብሩሹን ጣለ። በፕላስቲክ ኩባያ ውሃ ቀዳላት። አጠገቧ ቁጢጥ አለና ቀስ ብላ እንድትጠጣ፣ ፊቷን እንድትታጠብ ነገራት። ምሰሶው እዚያ መሆኑን ታውቂ ነበር፣ ዛሬ ተሳሳትሽ፤ ጥፋት ነው፣ ለቢሮ ትናገሪያለሽ፣ መስታወቱም ይቀየራል አላት። አንድ ጥፋት የሠራሽ ሹፌር ነሽ እንጂ ጥፋት አይደለሽም አላት። ምሳ በልተሽ ከሰዓት ተመለሺ፣ እጅሽ እስኪረጋ መሪ አትያዢ አላት። እሷም ጠጣች፣ ታጠበች፣ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ ብላ ተነስታ ሄደች።

እሱ እዚያው ቁጢጥ እንዳለ ቀረ። ኩባያው እጁ ላይ ነው። የተናገረው ቃል ገና አየር ላይ እንዳለ ሁሉ ሰማው። ያን ድምፅ ያውቀዋል፤ የራሱ ነው። ለዓመታት ላሠለጠናቸው ሁሉ ሲናገርበት የኖረው ነው። ለራሱ ግን አንድ ቀን ተናግሮበት አያውቅም፤ ለራሱ የያዘው ሌላ ድምፅ ነው፤ የጅራፍ ድምፅ። በማንም ላይ ያልተናገረውን በራሱ ላይ ሲናገር ነው የከረመው። ያንኑ ለእሷ ቢላት ኖሮ መሪ ላይ ተመልሳ መቀመጥ ትችል ነበር? አትችልም። ነገ ሥራዋን ትለቅ ነበር፤ ወይም የባሰው፣ መስታወቱን ሰው ሰበረብኝ ብላ ትዋሽ ነበር።

የታጠበ ባዶ አውቶቡስ ውስጥ ገባና መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ማንም እንዳላየው ዞር ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ጮክ ብሎም አይደለም፣ ለራሱ ተናገረ። «አይተሃቸው ነበር። ጥፋትህ ነው። ዋሽተህ ነበር፣ ተናግረሃል። አሁን ምሳህን ብላ።» አፈረ። የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ባዶ አውቶቡስ ውስጥ ከራሱ ጋር ሲያወራ! ነገር ግን ከኩባያው የተረፈውን ውሃ ጠጣ፤ ምሳውንም ፈታ።

በአንድ ቀን የሚድን ነገር አይደለም። አንዳንድ ቀን ጠዋት ሲነሳ ያ ድምፅ ቀድሞት ተነስቶ ይጠብቀዋል። የአደጋው ዕለት ማክሰኞ ስለነበር ማክሰኞ ሲመጣ ደግሞ ይብስበታል። ሆኖም እየሰማ ዝም ብሎ ከመገረፍ ይልቅ፣ ያቺ ሹፌር ብትሆን ምን እላት ነበር ብሎ መጠየቅ ለመደ። አንዳንዴ መልስ ያገኛል፣ አንዳንዴ አያገኝም። መጀመሪያ ሻዩ ላይ ግማሽ ማንኪያ ስኳር አደረገ። ፍራሹን ጠቅልሎ ወደ አልጋው ሲመለስ ሚስቱ ጥጉን እየለቀቀችለት «ወለሉ ሳይናፍቅህ አይቀርም» አለችው።

ሁለት ወሩ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው የሴትዮዋ የእህት ልጅ ደወለች። ሴትዮዋ ከሆስፒታል ወጥተው እሷ ዘንድ ናቸው፤ እሑድ ቢመጣ ብለዋል። ብርቱካን ሳይዝ ሄደ። በር ላይ ባዶ እጁን ሲያዩ ሳቅ አሉ። በአራት እግር መደገፊያ ነው የሚራመዱት፤ ሐኪሙ ወደ ምርኩዝ ይመጣሉ ብሏቸዋል፣ ከዚያ በላይ ግን ቃል አልገባላቸውም። ሳይደገፉ እንደ ድሮ መሄድ እንደማይችሉ ሁለቱም ያውቃሉ። ሹፌሩ ይህን ሲሰማ ዓይኑን ከፊታቸው ላይ አላነሳም።

«ዛሬ ይቅር ብዬሃለሁ ልልህ አስቤ ነበር የጠራሁህ» አሉት። «ጠዋት ያን ደረጃ ስወርድ ግን በጣም አመመኝና ተናደድኩብህ። ሌላ ቀን ይሁን።»

ሹፌሩ ሳያስበው ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። ቀጥለው ደረጃው ላይ መያዣ እንደሌለ፣ የእህታቸው ልጅ ብረቱን ገዝታ የሚያቆምላት ማጣትዋን ነገሩት። እስከ ማታ ድረስ ግድግዳ እየበሳ፣ እየለካ፣ እየቸነከረ ዋለ። አንድ ጊዜ ቀዳዳውን ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጎ በሳው። ስድቡ ሆዱ ውስጥ ሲጀምር ተሰማውና «ተሳስተሃል፣ ድፈነውና እንደገና ብሳው» ብሎ ቀጠለ። ሴትዮዋ ከወንበራቸው ሆነው ጠማማ ነው፣ ቀጥ አድርገው እያሉ ያዝዙታል። እሱም ቀጥ ያደርጋል።

ፈተናውን አለፈ። ወደ ሰባት ቁጥር የተመለሰ ዕለት ጠዋት መሪውን ከመያዙ በፊት መስታወቶቹን አንድ በአንድ አስተካከለ። ማጉያው አብሮት ተመድቧል፤ ሰላምታ ሰጥቶታል፣ ሌላ ቃል ግን አልጨመረም። መናፈሻው ጋ ሲደርስ ቆመ፣ በሩን ከፈተ፣ መስታወቱን አየ፣ ሁሉም እስኪይዝ ጠበቀ፣ ተነሳ።

የተሳሳተው እዚያ አይደለም። ከዚያ ሦስት ፌርማታ አልፎ፣ አእምሮው ገና መናፈሻው ጋ ስለነበር፣ ለመውረድ ደወል የደወለች አንዲት ሴት ሳያወርድ አለፈ። ሴትየዋ ከኋላ ተቆጣች። የአውቶቡሱ ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። አሁን እንግዲህ ያ የጅራፍ ድምፅ ተነሳ፤ ይኸው፣ አልኩህ እኮ፣ አትረባም አለው። ደንገጥ ብሎ ሰማው። ከዚያ መብራቱን አብርቶ ዳር ያዘ፣ ቆመ፣ በሩን ከፈተ፣ ወደ ኋላ ዞሮ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አለፍኩብዎት። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላት። ሴትየዋ እያጉረመረመች ወረደች። ግራ ቀኙን አየና ጉዞውን ቀጠለ።

በምሳ ሰዓት መነሻው ጣቢያ ላይ ቆሞ ሳለ ሚስቱ ከሥራ ቦታዋ ደወለች። እንዴት ዋልክ አለችው።

«ደህና ነኝ። አንዲት ሴት መውረጃዋን አሳለፍኳት።»

«ከዚያስ?»

«ይቅርታ ጠየቅኳት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምሳዬን በላሁ» አላት።